አስቸኳይ፦ የባሕር ምግብ ፒዛዬ መሃሉ ውኃ ተኛበት፣ ሁለት ሊጥ ቀርቶኛል

ጠያቂዋ፦ እባካችሁ ቶሎ በሉልኝ። ለቤተሰብ እራት ሦስት ፒዛ ልጋግር ብዬ የመጀመሪያው አሁን ወጣ። ዳር ዳሩ ቀልቷል፣ መሃሉ ግን ጥሬ ሊጥ ነው፤ ላዩም ውኃ አቁሯል። ሽሪምፑ እንደ ላስቲክ ሆኗል፣ ካላማሪውማ (በቀለበት የተቆረጠ የስኩዊድ፣ ማለትም የባሕር እንስሳ ሥጋ) ጭራሽ አይታኘክም። ገበታ ለመቅረብ 70 ደቂቃ ነው ያለኝ። እሳቱን ልጨምር ወይስ ልቀንስ?

ማጀት፦ ኦቨኑ ስንት ዲግሪ ላይ ነው? ሽሪምፑ ጥሬ ነው ወይስ የተቀቀለ? ከፍሪዘር የወጣ ነው?

ሊጥ ወዳድ፦ ነገሩ ከሊጡ ይጀምራል። ለ500 ግራም ዱቄት 325 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ 10 ግራም ጨው፣ 3 ግራም ደረቅ እርሾ። 280 ግራም ገደማ የሚመዝኑ ሦስት ድቡልቡሎች ይወጡታል። ፍሪጅ ውስጥ 24 ሰዓት ይደር። በመዳመጫ አትጫኑት፣ አየሩ ይወጣል፤ ከመሃል ወደ ዳር በጣት ይገፋ። መሃሉ ከዳሩ ከወፈረ መቼም አይበስልም።

ማጀት፦ እራቱን ለነገ እንቅጠርላት ካላልክ በቀር 24 ሰዓቱ አሁን አይጠቅማትም። መሃሉን አሳሺው ያልከው ግን ልክ ነው።

ጠያቂዋ፦ 180 ዲግሪ፣ 20 ደቂቃ። ሁሉም ከፍሪዘር ነው፣ በረዶው እንዳለ በትኜው ገባ። ሽሪምፑ ሮዝ ነው።

ጨው በልክ፦ ሮዝ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ድሮም ተቀቅሏል። ስለዚህ ጥያቄሽ የእሳት ብቻ አይደለም፤ የበሰለውን 20 ደቂቃ ደግመሽ አብስለሽዋል። ሥጋው ሙቀት ሲበዛበት ይኮማተርና ውኃውን ይተፋል፤ በላዩ የበረዶው ውኃ ተጨምሮ ሊጡ ላይ ወረደ። አሁን እንዲህ አድርጊ።

ኦቨኑን እስከ መጨረሻው፣ 250 ከደረሰ 250 ላይ አድርጊው። ባዶ ትሪ ገልብጠሽ ታችኛው መደርደሪያ ላይ 30 ደቂቃ አግይ። እስከዚያ ሽሪምፑንና ካላማሪውን በተለያየ ፌስታል ቋጥረሽ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ንከሪ፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃዋል። ሙቅ ውኃ አይሆንም። በወንፊት አጥልይ፣ ከዚያ በሶፍት ጫን ጫን እያልሽ አድርቂ፤ ሶፍቱ እስኪደርቅ ድረስ ቀያይሪ። ሊጡን ከ3 ማንኪያ ስጎ ጋር ብቻ 5 ደቂቃ ጋግሪ፣ አውጪ፣ ቺዝ በትኚ፣ 4 ደቂቃ መልሺ። የተቀቀለው ሽሪምፕ የሚገባው በመጨረሻው 1 ወይም 2 ደቂቃ ነው፣ እንዲሞቅ ብቻ።

ባለ ወንፊት፦ ሽሪምፑን በሶፍት አድርቂው፣ ዋናው እሱ ነው።

ቺዝ አልወድም፦ የባሕር ምግብ ላይ ቺዝ መጫን ጣዕሙን ይገድለዋል። ነጭ ሽንኩርት፣ የወይራ ዘይትና ፓርስሊ ይበቃል።

ጨው በልክ፦ ይህ የምርጫ ጉዳይ ነው። ችግሩ ብዛቱና ዓይነቱ ነው፤ በውኃ ተነክሮ የሚሸጠው ሞዛሬላ ቺዝ ካልተጠነፈፈ እሱም ውኃ ይለቃል። ደረቁን ሞዛሬላ ለአንድ ፒዛ 80 ግራም ብታደርጊ ይበቃል። ሎሚውን ከኦቨን ከወጣ በኋላ ጭመቂ።

ማጀት፦ ካላማሪውን ማንም አልነካውም። ጥሬ ከሆነ ቀለበት ቀለበቱን በጣም በጋለ መጥበሻ 1 ደቂቃ ብቻ ጥበሺና ፒዛው ከወጣ በኋላ ላዩ ላይ ጣይ። ካላማሪ ወይ በጣም አጭር ወይ በጣም ረጅም ነው የሚበስለው፤ መሃል ቤት ላስቲክ ይሆናል። ሌላ ጊዜ ጥሬ ሽሪምፕ ብትገዢ በመጨረሻው 5 ደቂቃ አስገቢው፤ እንደ ግማሽ ጨረቃ ሲታጠፍ ደርሷል፣ እንደ ቀለበት ከተጠቀለለ አልፎበታል። ደግሞም ከገበታው ሰው የባሕር ምግብ አለርጂ ያለበት ካለ የእሱን ፒዛ አስቀድመሽ ጋግሪ፣ ቢላውንም ለዪ።

ባለ ወንፊት፦ የመጀመሪያውን አትጣይው። የላዩን በማንኪያ አንሺ፣ ውኃውን በሶፍት ምጠጪ፣ ሊጡን በደረቅ መጥበሻ በመካከለኛ እሳት 4 ደቂቃ አስቀምጪው፤ ታቹ ይደርቃል።

ጠያቂዋ፦ ተነክሯል። ኦቨኔ ከ230 አያልፍም፤ ትሪው ላይ የመጋገሪያ ወረቀት ላድርግ?

ጨው በልክ፦ በ230 ባዶውን ሊጥ ከስጎው ጋር 7 ደቂቃ አድርጊው። ወረቀቱ ስንት ዲግሪ እንደሚችል ካርቶኑ ላይ ተጽፏል፣ ብዙው 220 ነው። ካልቻለ ትሪው ላይ ዱቄት በትነሽ ሊጡን በቀጥታ አሳርፊ።