ሶፋ ከመግዛትሽ በፊት እንግዳ ጥሪ

ከዴንቨር ለጻፍሽልን እህት፦ «አፓርታማው ባዶ ነው፣ ሳሎኑን በምን ላሳምረው?» ላልሽው ነው የምመልሰው። ከኔ በፊት የመለሱልሽ ስለ ሶፋና ስለ መጋረጃ ቀለም መክረውሻል፣ እግዜር ይስጣቸው። የኔ ምክር ግን ለየት ይላል። ሶፋውን አሁን አትግዢ። መጀመሪያ እንግዳ ጥሪ።

የምሬን ነው። አንድ ምንጣፍ አንጥፊ፣ ትራስ ደርድሪ፣ በርጩማ ካለሽ አውጪ፣ ቡና አፍዪና አምስት ስድስት ሰው ጠርተሽ ዝም ብለሽ እያቸው። ማን መሬት ላይ ቁጭ ይላል፣ ማን ግድግዳ ፈልጎ ይደገፋል? ስኒውን የት ያስቀምጡታል? ልጆቹ በየት በኩል ይሯሯጣሉ? ጫማውስ የት ተወለቀ፣ ጃኬቱስ የት ተከመረ? (የዴንቨር ክረምት ነውና ጃኬት ብቻውን አንድ አልጋ ይሞላል፣ መስቀያ ከሶፋ ይቀድማል።) እዚህ አገር ተሟልቶ የሚሸጠው የሳሎን ዕቃ አብዛኛው ሰው ሁሉ ወደ ቴሌቪዥን እንዲዞር ታስቦ የተሠራ ነው። እኛ ደግሞ ፊት ለፊት እየተያየን ካልሆነ ጨዋታ አይደራልንም። ቡና የምታፈላዋም ጥግ ተወሽቃ ጀርባዋን ለሰው ሰጥታ አትቀመጥም። ስለዚህ ረከቦቱ የሚቀመጥበትን ቦታ አስቀድመሽ ለዪ፣ ሌላው በሱ ዙሪያ ይሰለፋል።

አገር ቤት ስለመሄድ ያነሣሽው ደግሞ ጥሩ ነው። ብዙዎቻችን አገር ቤት ስንሄድ የምናስበው ምን ዕቃ ይዤ ልመለስ ብለን ነው። እኔ ከዕቃው ይልቅ አቀማመጥ አይታችሁ ኑ እላለሁ። ሐረር ከሄድሽ ጀጎል፣ ማለትም በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ አንድ የሐረሪ ባህላዊ ቤት ሳታዪ አትውጪ። ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ ሲመዘገብ የተወራለት ግንቡ ብቻ አልነበረም፣ የቤቶቹ የውስጥ አሠራርም ጭምር ነው። ዋናው ክፍል ውስጥ ሶፋ ብሎ ነገር የለም። ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ፣ ምንጣፍ የለበሱ አምስት መደቦች አሉ፣ ነደባ ይሏቸዋል። ባለቤቱ የራሱ ቦታ አለው፣ ሽማግሌውና የተከበረው እንግዳ የራሳቸው አላቸው፣ ሌላውም እንደ ደረጃው ይቀመጣል። ማንም ገብቶ «የት ልቀመጥ?» እያለ አይንቀዋለልም። ጌጡ ሁሉ ደግሞ ግድግዳ ላይ ነው፦ ስፌቱ፣ ሳህኑ፣ ግድግዳው ውስጥ የተፈለፈሉት መደርደሪያዎች። ስፌቱ የሴቶቹ የእጅ ሥራ ነው፣ ለሰርግና ለለቅሶ የሚወጣም አለው። ከበሩ በላይ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ካየሽ ለትዳር የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው ይባላል፣ እሱን እንኳ ዴንቨር ላይ አልመክርም።

ከዚያ ቤት የሚወሰደው ምንድነው ብትዪኝ፦ መቀመጫው ግድግዳውን ይከተል፣ መሃሉ ባዶ ይሁን፣ ከፍታው ይለያይ፣ የሚታየው ነገር ወደ ላይ ይሰቀል። ለጠባብ አፓርታማ ከዚህ የሚሻል አላየሁም።

ከጅዳና ከዱባይ የመጣችሁ ይህን አቀማመጥ ታውቁታላችሁ፣ የዓረቦቹ የእንግዳ መቀበያ ክፍል፣ መጅሊስም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ፍራሽና መከዳ ግድግዳውን ይዞራል፣ መሃሉ ለቡናና ለተምር ይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ኤሚሬቶች፣ ሳዑዲ፣ ኦማንና ቃጣር በጋራ ዩኔስኮ ዘንድ አስመዝግበውታል። ብዙ እህቶቻችን እዚያ ቤት ውስጥ ያሳለፉት እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ሠራተኛ ስለሆነ ትዝታው ለሁሉም ጣፋጭ አይደለም፣ ይገባኛል። ቢሆንም ለማኅበርና ለልደት ብዙ ሰው የምትጠራ ሴት ከሆንሽ፣ ይህን ያህል ሰው በትንሽ ክፍል የሚያስቀምጥ ሌላ ዘዴ ማግኘት ይከብዳል።

ዕቃ መግዛትሽ ካልቀረ ሽሮ ሜዳ ሂጂ፣ ግን የመስኮትሽን ልክ ጽፈሽ ያዢ። በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ወርዱ ጠባብ ስለሆነ ለመጋረጃ ጎን ለጎን መሰፋት አለበት፣ ጥለቱ እንዲገጣጠም ደግሞ ቀድሞ ማዘዝ ይሻላል። ጋቢ ሶፋ ላይ ጣል ሲደረግ ያምራል፣ ሲበርድም ይለበሳል። ትልቅ መሶብ ሻንጣ አይገባም፣ በእጅ ተሸክሞ መጓዝም መከራ ነው፤ እዚህ ዲሲ አካባቢ ሲልቨር ስፕሪንግ የሐበሻ ሱቆች ውስጥ ስለሚገኝ ከአገር ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ሰፌድና ከአንድ ግንድ የተጠረበውን የጅማ ባለሦስት እግር በርጩማ ብታመጪ ያዋጣል። ስፌት ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው መስኮት አጠገብ አታስቀምጪ፣ ቀለሙ ይለቃል። ከሣርና ከእንጨት የተሠራ ነገር ይዘሽ አሜሪካ ስትገቢ ደግሞ ለጉምሩክ ዲክሌር አድርጊ፣ ንጹሕ ከሆነ ብዙ ጊዜ አያስቸግርም። የድሮ መስቀልና ብራና ግን «ርካሽ አገኘሁ» ብለሽ እንዳትሸከሚ፤ ቅርስ ያለ ፈቃድ አይወጣም፣ ቦሌ ላይ ትያዣለሽ።

አንድ ወንድም ከላይ «አከራዩ ሚስማር አያስመታኝም፣ ዕጣን ባጨስኩ ቁጥር የጭስ አላርሙ ይጮኻል» ብሏል። እውነቱን ነው። ለግድግዳው ሲነሣ ቀለም የማያነሣ ተለጣፊ መስቀያ አለ፣ ክብደት እንደሚችለው መጠን ተከፋፍሎ ይሸጣል፣ ለሰፌድ ትንሹም ይበቃል። ለዕጣኑ የኤሌክትሪክ ማጨሻ ያዝ፣ ጭሱ ትንሽ ነው፣ መስኮትም ክፈት። አላርሙን ፈትቶ ባትሪውን ማውጣት የሚባለውን ምክር ግን አትስማ። ከሰል ቤት ውስጥ ማንደድማ ጭራሽ አይሞከርም፣ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰው ተኝቶ ሳይነቃ ይቀራል። ጀበናው በኤሌክትሪክ ምድጃም ይፈላል።

እህቴ፣ የክፍሉን ርዝመትና ወርድ፣ መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነም ብትጽፊልን ሌሎችም የበለጠ ይመልሱልሻል። ለገና አገር ቤት የሚሄድ ሰው እዚህ መካከል አይጠፋም፣ የሽሮ ሜዳ ትእዛዝ ካለሽ ከወዲሁ ተናገሪ።