ቪዲዮ ጌም የሳይንስ ልብ ወለድን ሐሳብ ይሸከማል ወይስ ልብሱን ብቻ ይለብሳል?

ጥያቄ፦ «የመጽሐፍ ትል»

ከልጅነቴ ጀምሮ የሳይንስ ልብ ወለድ አንባቢ ነኝ፤ ቪዲዮ ጌም መጫወት የጀመርሁት ግን ካደግሁ በኋላ ነው። ለዓመታት ይዤው የቆየሁት አንድ ቅሬታ አለኝና ሐሳባችሁን መስማት እፈልጋለሁ። ጥሩ የሳይንስ ልብ ወለድ የሚነሳው ከአንድ «ቢሆንስ» ነው፤ የሰው አእምሮ ቢገለበጥስ፣ ጊዜ ወደ ኋላ ቢመለስስ፣ ከእኛ ፈጽሞ የተለየ ፍጡር ብናገኝስ? ደራሲው ጥያቄውን አንስቶ መዘዙን እስከ መጨረሻው ይከተላል። በተጫወትኋቸው አብዛኞቹ ጌሞች ግን መንኮራኩሩም፣ የጨረር ጠመንጃውም፣ ባዕዱ ፍጡርም ጌጥ ናቸው፤ ጠመንጃውን በጎራዴ፣ ፕላኔቱን በደሴት ብንተካው ከታሪኩ የሚጎድል ነገር የለም። ሐሳብ ያላቸው ጌሞችም ቢሆኑ ሐሳባቸውን የሚነግሩኝ እጄን ከመጫወቻው ላይ አንሥቼ ፊልም መሰል ትዕይንት በማይበት ጊዜ ነው፤ ለዚያ ከሆነ መጽሐፍ ባነብ ይሻለኛል። ሐሳቡ ራሱ በተጫዋቹ እጅ የሚገባበት ጌም ታውቃላችሁ?

ምላሽ፦ «22 ደቂቃ»

ቅሬታዎን እጋራለሁ፤ ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው አውተር ዋይልድስ ለጥያቄዎ ሙሉ መልስ ነው ብዬ አምናለሁ። ገና ያልተጫወተ ሰው ይህን ምላሽ ባያነበው ይሻላል፤ በዚህ ጌም ውስጥ ከተጫዋቹ ሊሰረቅ የሚችለው ብቸኛ ሀብት እውቀት ነውና።

ጌሙ የተጀመረው አሌክስ ቢቸም በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ዲግሪ ማሟያ በሠራው ሥራ ነው። ተጫዋቹ በአንዲት ደካማ መንኮራኩር አንድን ትንሽ ሥርዓተ ፀሐይ ያስሳል፤ ከ22 ደቂቃ በኋላ ፀሐይዋ ፈንድታ ሁሉን ታጠፋለች፤ እርሱም ጉዞውን በጀመረበት ቦታ ዳግመኛ ይነቃል። በሌሎች ጌሞች ሞቶ መነሣት ለተጫዋቹ የተደረገ ቸርነት ሲሆን ማንም ምክንያቱን አይጠይቅም፤ እዚህ ግን የሚመረመረው ምሥጢር ራሱ እርሱ ነው። ከአንዱ ዙር ወደ ቀጣዩ የሚሻገር መሣሪያ ወይም ጉልበት የለም፤ የሚሻገረው የታወቀው ነገር ብቻ ነው፤ መንኮራኩሯም ፍንጮቹን በመዝገቧ ትይዛለች። ወደ ፍጻሜው የሚያደርሰው መንገድ ከመነሻው አንሥቶ ክፍት ሆኖ ሳለ ለብዙ ሰዓታት የማናየው ስለማናውቀው ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚደንቁኝ መንታዎቹ ፕላኔቶች ናቸው። ከአንደኛው የሚነሣው አሸዋ እንደ አምድ ቆሞ ወደ ሁለተኛው ስለሚፈስስ፣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በነፃነት የተመላለስንበት ዋሻ ቆይቶ ይደፈናል፤ በወዲያኛው ፕላኔት ደግሞ ተቀብረው የነበሩ ሕንፃዎች ቀስ በቀስ ይገለጣሉ። «የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ «መቼ?» ማለትም ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ የግድግዳ ጽሑፍ በማንበብ ተመስጬ ሳለሁ አሸዋው ከሥሬ ከፍ ብሎ ከዋሻው ጣሪያ ጋር አጣብቆ ገደለኝ። ስለ ጊዜ ብዙ አንብቤአለሁ፤ በዚያች ቅጽበት እንደተሰማኝ ያለ ግን ተሰምቶኝ አያውቅም።

ምላሽ፦ «ምሕዋር»

ጉዳዩ ከጌም ታሪክ መባቻ ጀምሮ ያለ መሆኑን ለማከል ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ስቲቭ ራስልና ጓደኞቹ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፒዲፒ-1 በተባለው ኮምፒውተር ላይ የሠሩት ስፔስዋር የጠፈር ጀብዱ ልብ ወለድ አንባቢዎች ሥራ ነበር። ሁለት መንኮራኩሮች ይዋጋሉ፤ መካከላቸው ያለው ኮከብ ግን በስበቱ ሁለቱንም ይጎትታል። ስበቱን የዘነጋ ተጫዋች ወደ ኮከቡ ይወድቃል፤ ያወቀበት ደግሞ በስበቱ ተስፈንጥሮ ጠላቱን ከኋላ ይይዛል። ያንን ኮከብ በምንም ሌላ ነገር ልንተካው አንችልም። (ፒተር ሳምሰን የተባለው ባልደረባቸው በዘፈቀደ የተረጩት የጀርባ ከዋክብት አላረኩትምና እውነተኛውን የሰማይ ካርታ አስገባበት። ይህ ለውጊያው አንዳች ባይጨምርም እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ እወድዳለሁ።)

ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ2012፣ ከዚያው ተቋም ኤ ስሎወር ስፒድ ኦፍ ላይት የተባለ አጭር ጌም ወጣ። ተጫዋቹ 100 ሉሎችን ሲሰበስብ በእያንዳንዱ ሉል የብርሃን ፍጥነት ይቀንሳል፤ በመጨረሻ አንድ እርምጃ በተራመደ ቁጥር ቀለማት ይለዋወጣሉ፤ የዓለሙም ቅርጽ ይጣመማል። «ብርሃን የእግረኛን ያህል ቢዘገይስ?» ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ ምላሽ አላየሁም።

ምላሽ፦ «ጥልቅ ባሕር»

ሁለቱም ምላሾች ሳይንሱን እንጂ ልብ ወለዱን በቅጡ የነኩት አይመስለኝም፤ «ቢሆንስ» የሚጎዳው ሰው ሊኖር ይገባልና። ፍሪክሽናል ጌምስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ሶማ በተባለ ጌም ውስጥ ተጫዋቹ የሚመራው ሰው አእምሮ ወደ ሌላ አካል ይሸጋገራል ሲባል እኛም አብረን እንሻገራለን ብለን እናምናለን። በአዲሱ አካል ስንነቃ ግን አሮጌው ሰው በወንበሩ ላይ እንዳለ ነው፤ ቅጂ ተሠራ እንጂ የተሻገረ ማንም የለም። ያ ሰው ዳግመኛ እንዳይነቃ ኃይሉን እናጥፋበት ወይስ ብቻውን ትተነው እንሂድ? ጌሙ ለየትኛውም ምርጫ ሽልማትም ቅጣትም አልሰጠኝም። ከደቂቃዎች በፊት እኔ እርሱ ነበርሁ፤ መጽሐፍ ይህን ሊያስረዳኝ ይችላል፤ ጣቴን ቁልፉ ላይ አሳርፎ ግን ሊያስጨንቀኝ አይችልም።

ጠያቂው የተናገሩት ቅሬታ እውነት የሆነበትን ምሳሌም ልጥቀስ። በ2012 የማስ ኢፌክት 3 ፍጻሜ ብዙ ተጫዋቾችን አስቆጥቶ ሠሪው ኩባንያ ባዮዌር በዚያው ዓመት የተስፋፋ ፍጻሜ በነፃ አቀረበ። በእኔ ፍርድ ችግሩ ማጠሩ አልነበረም፤ በሦስት ጌሞች ሙሉ በእጃችን የቆየውን ጉዳይ በመጨረሻው ሰዓት አንድ እንግዳ ገጸ ባሕርይ በንግግር መረከቡ ነው።

ጠያቂው፦ «የመጽሐፍ ትል»

ከልብ አመሰግናለሁ። በአውተር ዋይልድስ እጀምራለሁ፤ የመጀመሪያውንም ምላሽ ማስጠንቀቂያው ላይ ስደርስ አቁሜአለሁ። አንድ ነገር ግን ቀረኝ፤ ፈጽሞ የማናውቀውን ሕዝብ አሳብ ለመረዳት መጣርን ተኩስ ሳይቀላቅል ወደ ጨዋታ የለወጠ ጌም ይኖር ይሆን?

ምላሽ፦ «ምሕዋር»

ባዕድ ፍጡር ባይሆንም በ2019 የወጣውን ሄቨንስ ቮልት ይሞክሩ። አንዲት የጥንት ቅርስ ተመራማሪ የጠፋ ሥልጣኔን ጽሑፍ ምልክት በምልክት እየገመተች ትተረጉማለች፤ ግምትዎ ቢሳሳት ጌሙ ወዲያው አያርምዎትም፤ ስሕተቱን ይዘው ወደ ቀጣዩ ጽሑፍ ይሄዳሉ። እኔ አንዱን ቃል ለብዙ ሰዓታት በተሳሳተ ትርጉም ተሸክሜው ዞሬአለሁ፤ በእርሱ ላይ ተመሥርቼ የገመትኋቸውንም ሁሉ እንደገና መመርመር ነበረብኝ።