ሚስቴ ትመታኛለች፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባለትዳርና የልጆች አባት ነኝ። ሚስቴ ስትናደድ ያገኘችውን ትወረውርብኛለች፣ ትቧጭረኛለች፤ ትናንት ደግሞ ክንዴ ላይ የፈላ ውሃ ደፋችብኝ። ደመወዜን ተቀብላ የምትሰጠኝ የትራንስፖርት ብቻ ነው፤ ስልኬንም ትበረብራለች። እጄን አንስቼባት አላውቅም። «ብትከሰኝ የሚያምኑት እኔን ነው፤ ልጆቹንም አታያቸውም» ትለኛለች። «ወንድ ሆነህ እንዴት» የምትሉ ካላችሁ እለፉኝ።

ነርሷ፦ ወንድሜ፣ ክንድህን ሐኪም አይቶታል? ካላየው ዛሬውኑ ሂድ። ማን እንዳደረሰብህም በግልጽ ተናገር። «በር ገጨኝ» ብለው የሚታከሙ ወንዶች አሉ፤ ካርዳቸው ላይ የሚጻፈውም በሩ ነው። በኋላ ማስረጃ ሲፈልጉ ምንም አያገኙም።

አያልቅበት፦ አንዴ ብታቀምሳት ታርፍ ነበር።

ጠበቃው፦ ይህን ምክር እንዳትሰማ። አንዴ ከመታሃት ተከሳሹ አንተ ነህ፤ እስካሁን የቻልከው ሁሉ ውሃ በላው። ጠብ ሲነሳ ከወጥ ቤት ራቅ፣ ወደ በሩ ቅረብ፣ ውጣ። የዛቻ መልእክቶቿን አታጥፋ። ጉዳትህን ፎቶ ስትነሳ ፊትህም ይታይ። ስልክህን ስለምትበረብር ግን ሁሉንም ለምታምነው ሰው ልከህ ካንተ ስልክ አጥፋው፤ የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት ቅጂም እሱ ዘንድ አስቀምጥ። ከቤት ጠቅልለህ ከመውጣትህ በፊት የቤተሰብ ጉዳይ ጠበቃ አማክር፤ ልጆቹን ትተህ ብዙ ከቆየህ በአሳዳጊነት ክርክር ሊጎዳህ ይችላል። ሕይወትህ አደጋ ላይ ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ተወውና ውጣ፣ ለፖሊስም ደውል። ገንዘብህንና ስልክህን መቆጣጠሯም ቀላል ነገር አይደለም፤ በእንግሊዝና በዌልስ የ2015 ሕግ እንዲህ ያለውን ተደጋጋሚ ቁጥጥር ወንጀል ሲያደርገው ባልና ሚስት ብሎ አልለየም።

እውነቷ፦ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ የሚደበደቡት ሴቶች አይደሉም እንዴ? ምናልባት ራሷን እየተከላከለች ቢሆንስ?

ጠበቃው፦ ጥያቄሽ ተገቢ ነው። በ1975 አሜሪካ ውስጥ በተደረገ የቤተሰብ ጥቃት ጥናት ባሎችና ሚስቶች መማታታቸውን የተናገሩት በተቀራራቢ መጠን ነበር። ውጤቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ አንዱ ምክንያትም ማን ጀመረ፣ ማን ተከላከለ የሚለውን አለመለየቱ ነው። ክፉኛ የሚጎዱት በብዛት ሴቶች መሆናቸው አይካድም። የዚህ ሰውዬ ክንድ ግን ተቃጥሏል።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። አብረን የጋብቻ አማካሪ ጋ ብንሄድስ?

ነርሷ፦ ዱላው ሳይቆም አይመከርም። እዚያ የተናገርከውን ቤት ስትገባ ታስከፍልሃለች። መጀመሪያ ብቻህን አማካሪ አናግር። ክንድህ ውሃ ከቋጠረ አታፍርጠው፤ የጥርስ ሳሙናም ሆነ ቅቤ አትቀባው፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነህ ሂድ።