ከአንዲት ዲከረንስ (ለከሰል የምንተክላት የግራር ዓይነት ዛፍ) ብዙ ለማውጣት ቲሹ ካልቸር (የተክል ቁራጭን በጠርሙስ ማብቀል) የሞከረ አለ?

የፋግታው፦
ጤና ይስጥልኝ። አዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማ ነኝ። ዲከረንሳችንን የመታውን በሽታ ታውቁታላችሁ፤ ቅጠሉ ላይ ብርቱካንማ ዱቄት ይነዛል፣ ቅርንጫፉ ያብጣል፣ ከዚያ ይደርቃል። በአንድ ቃዳ (ሩብ ሄክታር) መሬት ላይ የተከልሁት ሦስት ዓመት ሳይሞላው፣ ለከሰል ሳይደርስ ነደደ። በመካከሉ አንዲት ዛፍ ብቻ ለምለም ሆና ቆማለች። ዘሯን ዘርቼ ባበቅል ልጆቿ እንደ እሷ መሆናቸውን ማን ያውቃል? ቅርንጫፏንም ቆርጬ ተክዬ ነበር፣ አንዱም ሥር አልሰደደም።

ስለዚህ ቀንበጧን ጥፍር በሚያህል እየቆረጥሁ፣ በበረኪና አጥቤ፣ ስኳርና አጋር (ውሃ የሚያረጋ ዱቄት) አፍልቼ በ12 የማርማላታ ጠርሙስ ከተትኋት። በአራተኛው ቀን ዘጠኙ ጥጥ የመሰለ ሻጋታ ለበሱ። የቀሩት ሦስቱ ጠቆሩ፣ አጋሩም ሻይ መሰለ። ምን አጠፋሁ?

ነጭ ጋውን፦
አያ፣ ሻጋታውና ጥቁረቱ ለየቅል ናቸው። ስኳር ያለበት ምግብ ለሻጋታ ድግስ ነው፤ ማፍላት ብቻ አይበቃም። ጠርሙሱ ከነምግቡ በእንፋሎት 121 ዲግሪ ላይ 20 ደቂቃ መቆየት አለበት፤ ፕሬዠር ድስት ይሠራል። ቀንበጡን ደግሞ ክፍት አየር ላይ ከቆረጥኸው ልፋትህ ከንቱ ነው።

ጥቁረቱ ድንች ተልጦ ሲቀመጥ እንደሚሆነው ነው። የዲከረንስ ቅርፊት ቆዳ የሚያለፋ ታኒን አለው፣ ሲቆረጥ ይተፋዋል። ቶሎ ቶሎ ወደ አዲስ ምግብ አዛውረው፣ ወይም አክቲቬትድ ቻርኮል ጨምርበት (የሚተፋውን የሚመጥ፣ ለዚሁ የተዘጋጀ ከሰል ነው፤ የእኛን የጆንያ ከሰል አላልሁም!)። ደግሞ ስኳርና አጋር ብቻውን አያበቅልም። በ1962 ሙራሺጌና ስኩግ ያወጡት፣ ተክሉን የሚመግብ የማዕድን ጨዎች ቅምር አለ፤ በዚያ ላይ ቀንበጥ የሚያበዛ ሳይቶካይኒን፣ ኋላም ሥር የሚያስወጣ ኦክሲን የሚባሉ የተክል ሆርሞኖች ያስፈልጉሃል። ቀንበጡንም ለጋ ከሆነ ችግኝ ብትወስድ ይቀልሃል፤ የጎለመሰ ዛፍ እምቢተኛ ነው።

የእንጅባራ ችግኝ ጣቢያ፦
ልጄ፣ ከሁሉ በፊት ዛፊቱ በሽታውን ችላው ነው ወይስ ሳያገኛት ቀርቶ? ይህን ሳታውቅ አንድ ሺህ አድርገህ ብታባዛት አንድ ሺህ የታመመ ዛፍ ልታተርፍ ትችላለህ። ዛፊቱ በሽታውን ብትችለው እንኳ መንታ መንታውን ብቻ ተክለህ ሌላ በሽታ ቢመጣ ሁሉም ባንድ ቀን ነው የሚሄደው። ዘሯን ልቀም፣ የፈላ ውሃ አፍስስበት፣ ችግኙን ከታመሙት ዛፎች ሥር ትከልና ጠብቅ። የቆመውን ያን ጊዜ ወደ ላብራቶሪ ውሰደው።

የፋግታው፦
እማማ፣ ልክ ነዎት፤ ዘሩን ዛሬ ለቅሜ ጨረስሁ፣ ሁለት ኩባያ ሆነ። ጠርሙሶቹን ባለቤቴ ለማር ወስዳቸዋለች።