ከኋላ ለተገጨ ሰው፦ ድሬ ላይ ማን ጋ ልሂድ?

«ባጃጅ ውስጥ ሆኜ አይሱዙ ከኋላ ገጨን፣ አንገቴ አልዞር አለኝ፣ ጥሩ ጠበቃ ጠቁሙኝ» ላልከው ልጅ።

አቦ፣ እግዜር ይማርህ! ጠበቃው ይደርሳል፣ አስቀድመህ ድል ጮራ ወይም ሳቢያን ሆስፒታል ሂድና ካርድ አውጣ። ሕመሙ በመኪና ግጭት የመጣ መሆኑን ሐኪሙ ካርድህ ላይ ይጻፍልህ። የአንገት ነገር ብዙ ጊዜ በማግስቱ ነው የሚብሰው፣ ከርመህ ከሄድክ ደግሞ «ከሌላ ነገር ነው» ብለው ይሟገቱሃል። የግል ክሊኒክ ወረፋው ይቀላል፣ ለክስ ግን እኔ የመንግሥት ሆስፒታል ወረቀት እመርጣለሁ።

«ከኋላ የገጨ ሁሌም ጥፋተኛ ነው» ሲሉህ ተማምነህ አትቀመጥ። ፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2084 ላይ ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ጥፋቱ የአንዱ ሾፌር መሆኑ ካልተረጋገጠ ኪሳራውን ግማሽ ግማሽ ያደርገዋል። ስለዚህ የትራፊክ ፖሊሱ ያነሳውን ፕላን (የአደጋውን ቦታ ንድፍ) ተከታተል።

ሽምግልና? ለተሰበረ መብራት ግሩም ነው። ለአካል ጉዳት ግን ሕክምናህን ሳትጨርስ «ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ላይ እንዳትፈርም፣ ሽማግሌዎቹ ምንም ያህል ቢለማመጡህ።

የአይሱዙው ሦስተኛ ወገን መድን የየትኛው ድርጅት እንደሆነ ያዝ፣ በቀጥታ መጠየቅ ከክስ ይፈጥናል። ክፍያው ግን ጣሪያ አለው። ከዚያ በላይ ያለውን ባለንብረቱን ትጠይቃለህ፣ መሪውን የያዘው ሾፌሩ ቢሆንም በአንቀጽ 2081 ኃላፊው እሱ ነው። ገጭቶ ላመለጠ መኪና ደግሞ የመድን ፈንድ አለ።

ጠበቃ ስትይዝ ውሉ በጽሑፍ ይሁን። አፈጻጸሙንም ይጨምር እንደሆነ ጠይቅ፣ ተፈርዶልህ ብሩን የሚያስከፍልህ ስታጣ ነው ጉዱ። አቅም ከሌለህ የዩኒቨርሲቲዎቹ ነፃ የሕግ ድጋፍ አለ፣ ትዕግሥት ብቻ ይኑርህ። ለዳኝነት ክፍያውም በደሃ ደንብ፣ ማለትም አቅም የለኝም ብለህ ሳትከፍል ለመክሰስ፣ መጠየቅ ትችላለህ። ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉት ርካሽ ናቸው፣ ለዚህ ዓይነት ክስ ግን አልመክርም። የጠፋ ደመወዝህን፣ የመድኃኒቱን፣ የወደፊት ሕክምናህን አንድ በአንድ ማስላት ይፈልጋል።

ለሞራል ካሳ ብዙ አትጠብቅ። በ1952 የወጣው ሕግ ጣሪያውን 1,000 ብር አድርጎታል። ዘንድሮ በሺህ ብር ምን ይገዛል?

ክሱን በ2 ዓመት ውስጥ አቅርብ። ሐረር ላላችሁም ያው ነው፣ ሆስፒታሉ ሕይወት ፋና ይሆናል። በድሬና ሐረር መንገድ ደንገጎ ላይ የተገጫችሁ ደግሞ ጉዳቱ በደረሰበት ወይም ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ መክሰስ ስለምትችሉ ለምስክሮቻችሁ የሚቀርበውን ምረጡ።