የኩባያ ማሞቂያ ዩኤስቢ ላይ ሰክቼ ማውዜና ኪቦርዴ ቀጥ አሉ፤ ለአለቃዬስ ምን ልግዛ?

ቤቲ ከሂሳብ ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንዱ የኮምፒውተር ነው፣ አንዱ የስጦታ።

ቢሯችን ውስጥ ለእንቁጣጣሽ ዕጣ አውጥተን ስጦታ እንሰጣጣለን። ዘንድሮ የደረሱኝ አለቃዬ ናቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። ቀኑን ሙሉ አንድ ኩባያ ቡና አጠገባቸው አስቀምጠው ፋይል ላይ እንዳጎነበሱ ነው። ቡናው ይቀዘቅዛል፣ ያማርራሉ፣ ሌላ ያስመጣሉ። እሱም ይቀዘቅዛል።

መርካቶ ስዞር ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ የኩባያ ማሞቂያ አየሁ። ክብ ነው፣ ትልቅ ብስኩት ይመስላል። በቃ የጋሼ ዕቃ ይሄ ነው አልኩ። ከመስጠቴ በፊት ግን ልሞክረው ብዬ የራሴ ጠረጴዛ ላይ ሰካሁት። ኮምፒውተሬ ዴስክቶፕ ነው። ከጀርባው ለመሰካት ስለማይመች አራት ቀዳዳ ያለው የዩኤስቢ ማከፋፈያ እጠቀማለሁ። ማውዙም፣ ኪቦርዱም፣ ፍላሹም እዚያው ላይ ናቸው። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ስክሪኑ ጥግ ላይ «ፓወር ሰርጅ ኦን ዘ ዩኤስቢ ፖርት» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። ማውዙ ቀጥ። ኪቦርዱም ቀጥ። ሴቭ ያልተደረገ ኤክሴል ተከፍቷል። አሁን ከስልኬ ነው የምጽፈው።

ኮምፒውተሩን አቃጥዬው ይሆን? ማሞቂያው ካልሆነስ፣ ከ1,500 ብር ያልበለጠ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ ለየት ያለ ግን የማያሳፍር ነገር ጠቁሙኝ። እስከ ዓርብ ነው ጊዜ ያለኝ።

ሽቦ አዋቂው

ቤቲ አይዞሽ፣ ያ ጽሑፍ የሚመጣው ኮምፒውተሩ ራሱን ሲከላከል ነው። ስለዚህ ደህና ሳይሆን አይቀርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ተራ የዩኤስቢ 2 ቀዳዳ በ5 ቮልት እስከ 500 ሚሊአምፔር ይሰጣል። ሲባዛ 2.5 ዋት ማለት ነው። ውስጡ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ የሆነው ዩኤስቢ 3 ደግሞ 900 ሚሊአምፔር፣ ማለትም 4.5 ዋት ይሰጣል። ማከፋፈያሽ የራሱ የሶኬት ገመድ ከሌለው፣ ከአንዷ ቀዳዳ የሚያገኘውን ለአራቱም ነው የሚያቃምሰው። ርካሽ ማሞቂያ ደግሞ «ስንት ልውሰድ?» ብሎ አይጠይቅም። ዝም ብሎ ይጎትታል። ዊንዶውስ ቀዳዳውን ሲዘጋው ማውዝና ኪቦርድሽ በጎረቤት ጥፋት ተቀጡ።

አሁን ኮምፒውተሩን እንዳታጠፊው። መጀመሪያ ማሞቂያውን ንቀዪ። ኪቦርዱን ከማከፋፈያው አውጥተሽ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ሌላ ቀዳዳ ላይ በቀጥታ ስኪው። ኮንትሮልና ኤስን ተጭነሽ ፋይሉን ሴቭ አድርጊ። ከዚያ አጥፍተሽ፣ የመብራት ገመዱን ነቅለሽ፣ ጥቂት ቆይተሽ አስነሺው። የተዘጋው ቀዳዳ ይመለሳል።

ቤቲ ከሂሳብ ክፍል

ተመለሰ! ኤክሴሉም አለ! እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። ማሞቂያውን የስልክ ቻርጀር ላይ ብሰካውስ?

ሽቦ አዋቂው

ኮምፒውተርሽ ይድናል። ቡናው ግን አይድንም።

ሻይ በሎሚ

ማሞቂያው ላይ እኔ ልመስክር፣ አምና ገዝቼ ተቃጥያለሁ። ተናድጄ በወጥ ቤት ቴርሞሜትር ለካሁት። አንድ ኩባያ ሻይ፣ 200 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ በ75 ዲግሪ ጀመርኩ። ያለ ማሞቂያ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ከ10 ደቂቃ በኋላ 60 ሆነ። ማሞቂያው ላይ ሲቀመጥ 61። አንድ ዲግሪ! ለአንድ ዲግሪ ነው ያን ሁሉ ገመድ የጎተትኩት።

ቁጭ ብዬ ሳሰላው ገባኝ። ያ ሻይ ሙቀቱን ሲያጣ የነበረው ወደ 20 ዋት በሚጠጋ ፍጥነት ነው። ማሞቂያው የሚመልስለት 2.5 ዋት ነው፣ እሱም ግማሹ ወደ ጠረጴዛው ይሄዳል። የኩባያው ቂጥ ጎድጎድ ያለ ስለሆነ ከብረቱ ጋር በደንብ አይነካካም። በወንፊት ውሃ እንደ መቅዳት ነው።

ዋናው ግን ይሄ ነው። ሦስተኛውን ሙከራ ያለ ማሞቂያ አደረግኩት፣ ኩባያውን በስኒ ማስቀመጫ ከድኜ። ከ10 ደቂቃ በኋላ 66። ሙቀቱ በብዛት የሚያመልጠው በላይ በኩል በእንፋሎት ነው። ለጋሼ ክዳን ያለው፣ ድርብ ግድግዳ የብረት ኩባያ ግዢላቸው። ዩኤስቢ የለውም፣ ይሠራል።

አቡሽ ዘጎፋ

ማሞቂያው መቼ አነሰ፣ እኔ ፍሪጁን ነው የገዛሁት። አዎ፣ ዩኤስቢ ፍሪጅ። አንድ የለስላሳ ቆርቆሮ ብቻ የሚይዝ፣ በሩ የሚከፈት፣ ውስጡ መብራት ያለው። ሲያዩት አንጀት ይበላል።

ውስጡ ፔልቲዬ የሚባል ጠፍጣፋ ነገር አለ። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት አንዱ ፊቱ ይቀዘቅዛል፣ ሌላው ይሞቃል። ነገሩን ዣን ፔልቲዬ የተባለ ፈረንሳዊ በ1834 እ.ኤ.አ. ነው ያገኘው፤ አዲስ ነገር አይደለም። ችግሩ አቅሙ ነው። ሦስት ሰዓት ጠብቄ የቆርቆሮውን ቂጥ ስነካው ትንሽ ቀዝቀዝ ብሏል። ጎኑ ያው እንደነበረው። የፍሪጁ ጀርባ ግን እጅ ያሞቃል። አሁን በክረምት ጠዋት ጠዋት ጣቴን የማሞቀው እሱ ላይ ነው። ማሞቂያ ከፈለግሽ ቤቲዬ፣ እሸጥልሻለሁ።

ማሂ ዱባይ

ሃሃሃ አቡሽ! እዚህ እኛ ቢሮ ደግሞ አንዱ ልጅ በዩኤስቢ የሚሠራ የስፖንጅ ሚሳኤል መተኮሻ ነበረው። ከኮምፒውተሩ እያነጣጠረ ወደ ጎረቤቱ ይተኩሳል። ሁለት ሳምንት አስቆን ሚሳኤሎቹ አንድ በአንድ ጠፉ። አሁን ባዶ ማስወንጨፊያው አቧራ ለብሶ ተቀምጧል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ዩኤስቢ ድንጋዩ ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. ጋሪ ዳል የሚባል የካሊፎርኒያ ሰው ተራ ድንጋይ የአየር ቀዳዳ ባለው ካርቶን አሽጎ «የቤት እንስሳ» ብሎ ሸጦ ነበር፣ ሀብታምም ሆኖበታል። በኋላ ያንኑ ሐሳብ ይዘው የዩኤስቢ ገመድ የወጣለት ድንጋይ አመጡ። ትሰኪዋለሽ፣ ምንም አያደርግም። ዕቃው ይኸው ነው።

ቤቲ ከሂሳብ ክፍል

ለጋሼ ድንጋይ ሰጥቼ ዕድገቴን ልርሳው?

የሰርቨር ክፍል ሰው

ጨዋታችሁን ላቋርጥ ነው፣ ይቅርታ። የአንድ መሥሪያ ቤት ኔትወርክ የማስተዳድረው እኔ ነኝ፤ ከበዓል ማግስት ራስ ምታቴ እነዚህ ዕቃዎች ናቸው።

ዩኤስቢ የመብራት ገመድ ብቻ አይደለም፣ የዳታም መንገድ ነው። በሰኔ 2018 እ.ኤ.አ. ትራምፕና ኪም ጆንግ ኡን ሲንጋፖር ላይ ሲገናኙ፣ ለጋዜጠኞች በታደለው ቦርሳ ውስጥ ትንሽ የዩኤስቢ ቬንትሌተር ነበረች። የደኅንነት ባለሙያዎች «እንዳትሰኳት!» ብለው ጮኹ። በኋላ አንድ የካምብሪጅ ተመራማሪ አንዷን ፈትቶ መረመራት። ሞተር ብቻ ነው የተገኘባት፣ የዳታ መስመሩ ከምንም አልተገናኘም። ግን የተፈተሸችው ያቺ ናት እንጂ ሌሎቹ አይደሉም። ስለዚህ የኔ ሕግ አጭር ናት፦ የሚያበራ፣ የሚሽከረከር፣ የሚሞቅ ነገር ሁሉ ቻርጀር ላይ ይሰካ። ኮምፒውተር ላይ አይደለም።

በመኪና ወይም በቁልፍ ቅርጽ የተሠራ ፍላሽ ስጦታ እንዳያምርሽ። ጀርባው ላይ «2 ቴራ» (2,000 ጊጋ ገደማ) ተጽፎ በጥቂት መቶ ብር ከተሸጠ ውሸት ነው። ውስጡ 16 ወይም 32 ጊጋ ይሆናል፣ ኮምፒውተሩ ግን 2 ቴራ ብሎ ያሳያል። ሲሞላ አዲሱን በአሮጌው ላይ ይጽፋል፣ ወይም ፋይሉ እያለ አይከፈትም። ቀድሞ የተገዛ ካለ ኤችቱቴስትደብሊው (H2testw) የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ፍላሹን እስኪሞላ ይጽፍበትና መልሶ እያነበበ ያጣራል። ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፣ ማታ ትታችሁት ሂዱ።

ማውዝን በራሷ የምታነቃንቅ ዕቃም አለች። ቆማችሁ ወሬ ስታወሩ ስክሪኑ እንዳይተኛ። እሷን ለአለቃ የሚሰጥ ሰው ጀግና ነው።

ሽቦ አዋቂው

ከሰርቨር ክፍሉ ሰው ጋር እስማማለሁ። ልዩነቱን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ፦ ዕቃው ሙቀት ወይም ቅዝቃዜ እሰጣለሁ ካለ በ2.5 ዋት አያደርገውም። ብርሃን ከሆነ ያደርገዋል። ትንሽ ንፋስም ያደርገዋል፣ ግን በጳጉሜ ብርድ አዲስ አበባ ላይ ቬንትሌተር ለማን? ድሬዳዋ ብትሆኚ ሌላ ነበር።

እኔ ብሆን የኤልኢዲ መብራት እገዛ ነበር። አንገቱ እንደፈለጉ የሚታጠፈውን። አብዛኞቹ ከ1 እስከ 2 ዋት ቢፈልጉ ነው። መብራት ሲሄድ ፓወር ባንክ ላይ ትሰኪዋለሽ። እውነተኛ 10,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት (mAh) ፓወር ባንክ ከሆነ ከ15 ሰዓት በላይ ያበራል። ጋሼም ፋይላቸውን አይተዉም።

አንድ ነገር ብቻ፣ ሱቁ ውስጥ ሞክሪው። አንዳንድ ፓወር ባንክ የሚጎተተው ኃይል ትንሽ ሲሆን «ስልኩ ሞልቷል» ብሎ ራሱን ያጠፋል። መብራቱን አብሪና ሁለት ሦስት ደቂቃ ከሻጩ ጋር ስለ ዋጋ ተከራከሪ። ካልጠፋ ውሰጂው።

አቡሽ ዘጎፋ

ሁለት ሦስት ደቂቃ? ቤቲ መርካቶ ላይ ግማሽ ሰዓት ትከራከራለች።

ቤቲ ከሂሳብ ክፍል

ሰላም፣ የደረስኩበትን ልንገራችሁ። ኮምፒውተሬ ደህና ነው። ማሞቂያውን ባለሱቁ አልቀበልም አለኝ፤ ስንከራከር በጆሮ ማዳመጫ ቀየረልኝ። መብራቱን ገዛሁ፣ ፓወር ባንክ ጋሼ ራሳቸው አላቸው። አስሞክሬዋለሁ፣ አልጠፋም። በተረፈው ብር ክዳን ያለው የብረት ኩባያ ጨመርኩ፣ የሻይ በሎሚን ምክር ሰምቼ።

ዓርብ ሰጠኋቸው። መብራቱን በጣም ወደዱት፣ አንገቱን እያጣመሙ ለመጣው ሁሉ ያሳያሉ። ኩባያውንም ወደውታል። ክዳኑን ግን አግራፍ ማስቀመጫ አድርገውታል። ቡናቸው አሁንም ይቀዘቅዛል፣ አሁንም ያማርራሉ።