ሕፃን ልጅ እያጠባሁ ወደ ማታ የዘፈን ሥራዬ እንዴት ልመለስ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የባህል ምሽት ቤት በወር ደመወዝ የምሠራ ዘፋኝ ነኝ። በሳምንት አምስት ሌሊት ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት መድረክ ላይ እቆያለሁ፤ በሠርግ ወቅት ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ከባንድ ጋር እወጣለሁ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የመጀመሪያ ልጄን በሰላም ተገላግዬ፣ በቅርቡ በ80 ቀኗ ክርስትና ተነሥታለች። አሁን ኅዳር እያለቀ ነው፤ የቤቱ ባለቤትም ታኅሣሥ 1 ቀን ካልገባሁ በቦታዬ ሌላ ዘፋኝ እንደሚያስገቡ ነግረውኛል።

ባለፈው ሳምንት ልምምድ ሞክሬ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ድምፄ ከዳኝ፤ ወተቱም ፈስሶ ቀሚሴን አረጠበው። ቤት ስመለስ ልጄ ጡጦ አልቀበልም ብላ ስታለቅስ ማምሸቷን ሰማሁ። ባለቤቴ የአውቶቡስ ሹፌር ስለሆነ ንጋት 11 ሰዓት ከቤት ይወጣል፤ እናቴ ያለችው ደሴ ነው። ልጄንም ሥራዬንም እወዳለሁ፤ አንዱን ለሌላው መተው አልፈልግም። በዚህ ያለፋችሁ እህቶችና ባለሙያዎች ብታማክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፦ ዘፋኝና የሁለት ልጆች እናት

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። እኔም ሁለቱንም ልጆቼን ያሳደግሁት በዚሁ ሥራ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ሰው የማይነግርሽን ከልብስ እጀምራለሁ። የሐበሻ ቀሚሳችን ዚፑ ከኋላ ስለሚሰፋ፣ በሁለት ዘፈን መካከል ጡትን ማለብ ቀርቶ ብቻን ማውለቅ እንኳ አይቻልም። ልብስ ሰፊዋ ከፊት በጥበቡ ሥር የሚደበቅ መክፈቻ እንድታበጅልሽ አድርጊ። ከውስጥ በጥጥ ጨርቅ የተሠራ ንጣፍ አድርጊ፣ ነጠላሽንም ደረት ላይ እንዲያርፍ አጣፊው፤ ከዚያ በኋላ ቢፈስም ማንም አያይብሽም።

ሌሊቱን በተመለከተ እናትሽን ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ከደሴ አምጪያቸው እላለሁ። ሞግዚት የግድ ከሆነ ግን በደላላ በኩል ያገኘሻትን ሴት በቂ ዋስ ሳትጠሪ፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንትም አንቺ ቤት እያለሽ አብራሽ ሳትውል፣ ሌሊት ብቻዋን ከልጅ ጋር አትተያት። ባለቤትሽ ንጋት የሚወጣ ሰው ነውና የሌሊቱን ልቅሶ ሁሉ በእርሱ ላይ መጣል ተገቢ አይደለም፤ መሪ የሚይዝ ሰው እንቅልፍ ያስፈልገዋል። እኔ ከሥራ ስገባ መጀመሪያ ታጥቤ ልብስ እቀይር ነበር፤ ከዚያ አጥብቼ እተኛለሁ፤ እስከ ረፋዱ 4 ሰዓትም ማንም እንዳይቀሰቅሰኝ ተስማምተን ነበር። ይህን ስምምነት ከቤተሰብሽ ጋር አስቀድመሽ አድርጊ፤ ማታ የሚሠራን ሰው ቀን ሲተኛ ሰነፍ የሚያስመስል ጎረቤት አይጠፋምና።

ልጅቷን ግን ወደ ምሽት ቤቱ ይዘሽ እንዳትሄጂ። ከመድረክ ጀርባ ያለው ድምፅ ለሕፃን ጆሮ ከባድ ነው። በዚህ ላይ አንድ ጊዜ ተሳስቼ ስለነበር ነው አጥብቄ የምነግርሽ።

መልስ፦ አዋላጅ ነርስ

እንኳን ደስ አለዎት። ወተት መድረክ ላይ መፍሰሱ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ልጅዎ የምትጠባበት ሰዓት መድረሱን ሰውነትዎ እያስታወሰ ነው። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይሰጥ የሚለው ምክርም ከቤት መውጣትን አይከለክልም፤ ታልቦ የተቀመጠው ወተትም የእናት ጡት ወተት ነው።

ንጋት ላይ ጡት ይበልጥ ስለሚሞላ፣ ልጅዎን ካጠቡ በኋላ የቀረውን በእጅዎ ወይም በማለቢያ መሣሪያ አልበው በንጹሕ ዕቃ ያስቀምጡ። አዲስ የታለበ ወተት ሞቃት ባልሆነ ክፍል ውስጥ እስከ 4 ሰዓት፣ በፍሪጅ ውስጥ ደግሞ እስከ 4 ቀን ይቆያል። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ፣ የቀዘቀዘ የበረዶ ጥቅል ባለበት በሚገባ በሚዘጋ ማቀዝቀዣ ሣጥን ውስጥ እስከ 24 ሰዓት ማቆየት ይቻላል፤ በሥራ ቦታ የሚያልቡትንም ወደ ቤት የሚያመጡት በዚሁ ነው። በእያንዳንዱ ዕቃ ከ60 እስከ 120 ሚሊ ሊትር ብቻ ያድርጉ፤ ምክንያቱም ልጅቷ ጀምራ የተወችውን ከ2 ሰዓት በላይ አቆይቶ መልሶ መስጠት አይገባም። ሲሞቅም ዕቃው ሞቅ ባለ ውኃ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ ወተቱ እሳት ላይ አይጣድም።

ጡጦ እምቢ ማለቷ የተለመደ ነው። በትንሽ ኩባያ ይሞክሩ፤ የሚሰጣትም ሌላ ሰው ይሁን፤ እርስዎ ክፍሉ ውስጥ ካሉ ሽታዎን እያወቀች ሌላ ነገር አትቀበልም። ይህን ሥራ ከመጀመርዎ ሁለት ሳምንት በፊት በቀን አንድ ጊዜ ያለማምዷት። እርስዎም ሳያልቡ ከ4 ሰዓት በላይ አይቆዩ። ጡት ቀልቶ ቢቋጠርና ትኩሳት ቢመጣ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

ሁለት ነገሮችን ልጨምር። ደንበኛ የሚጋብዝዎትን የአልኮል መጠጥ ባይጠጡ ይመረጣል፤ አንድ ብርጭቆ ቢጠጡ ግን ከማጥባትዎ በፊት ቢያንስ 2 ሰዓት ይቆዩ። ድምፅ ሲዘጋ ዘፋኞች የሚገዟቸው አፍንጫ የሚከፍቱ የጉንፋን እንክብሎችም አንዳንዶቹ ወተትን ይቀንሳሉና፣ የሚያጠቡ መሆንዎን ለፋርማሲ ባለሙያው ሳይነግሩ አይውሰዱ።

መልስ፦ የድምፅ አሠልጣኝ

ድምፅሽ የከዳሽ ጉሮሮሽ ስለተበላሸ አይመስለኝም። ትንፋሽን ደግፈው የሚይዙት የሆድ ጡንቻዎች በእርግዝና ወቅት ተለጥጠዋል፤ እነርሱ እስኪመለሱ ድረስ ዘፋኝ ሳታውቀው በጉሮሮዋ ትገፋለች፤ የእንቅልፍ ማጣትና የውኃ ጥም ሲጨመርበት ሦስተኛው ዘፈን ላይ መድከም ይመጣል። የምታጠባ እናት ውኃ የሚያስፈልጋት ለሁለት ነው፤ አጥሚቱና አብሹ መልካም ቢሆንም ውኃን አይተካም።

ሕፃን እንዳይነቃ ብለሽ ቀኑን ሙሉ በሹክሹክታ አታውሪ፤ ሹክሹክታ የድምፅ አውታሮችን ያደክማል። ይልቅስ ስታስተኛት ከንፈርሽን ገጥመሽ በዝቅተኛ ድምፅ እሹሩሩ በያት፤ ከዚህ የተሻለ ማሟሟቂያ አላውቅም። ከዚያ በቀጭን መምጠጫ ጫፉን ውኃ ውስጥ አድርገሽ፣ ውኃውን በቀስታ እያንፈቀፈቅሽ ዜማ ማውጣት፣ በቀን 5 ደቂቃ ያህል፣ ብዙ ይረዳል። የወለድሽው በቀዶ ሕክምና ከሆነ ግን የሆድ እንቅስቃሴ ከመጀመርሽ በፊት ሐኪምሽ ይፍቀድልሽ። መጎርነኑ ከ3 ሳምንት ካለፈ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ይይሽ።

መልስ፦ ኪይቦርድ ተጫዋች

ለጊዜው ዘፈኖችሽን ሁሉ አንድ ቶን፣ ማለትም አንድ የድምፅ ደረጃ፣ ዝቅ አድርገን እንድንጫወትልሽ ባንዱን ጠይቂ፤ ለእኛ ቀላል ነው፤ ማሲንቆውም ይቃኛል። ከሁለት ጭፈራ ዘፈን በኋላ አንድ ትዝታ ወይም አምባሰል ይግባ፤ ከዚያ ተወዛዋዦቹ ብቻቸውን ይውጡ፤ ያን ጊዜ ወተትሽን ታልቢያለሽ።

መልስ፦ የሕግ ባለሙያ

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ተቀጣሪ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ አላት፤ ከወለደችበት ቀን ጀምሮ እስከ አራት ወር ድረስም አሠሪው ከሥራ ሊያሰናብታት አይችልም። ውልዎ በጽሑፍ ባይሆንም፣ በደመወዝና አሠሪው በወሰነው ሰዓት የሚሠሩ ከሆነ መብትዎ አይቀርም። የሠርጉ ሥራ ግን ቅጥር አይደለምና በዚህ አይሸፈንም። የምሽት ቤቱን ባለቤት በትሕትና ያነጋግሯቸው፤ ቀኑን አስልተው ይሂዱ።

ጠያቂዋ እንደገና

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የቤቱን ባለቤት ዛሬ አነጋገርኳቸው፤ አራቱ ወር ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ እንደሚሞላ ነገርኳቸው። አሁን ጾመ ነቢያት ስለሆነና ገበያውም ስለቀዘቀዘ፣ ከገና በኋላ በሳምንት ሦስት ሌሊት እንድጀምር ተስማምተናል። ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን ሥራ እንደሚቀንስ ስለማውቅ፣ የጥርን የሠርግ ገቢ ለዚያ ላስቀምጥ አስቤአለሁ። እናቴም ለጥር ትመጣለች። ትናንት ልጄ ከአባቷ እጅ በኩባያ ጠጣች፤ እኔ ግቢ ውስጥ ቆሜ ነበር። ነገ ቀሚሱን ይዤ ወደ ልብስ ሰፊዋ እሄዳለሁ።